ወንድም አንበሶ ማኅበር የገባ ጊዜ

ይህን ታሪክ ለልጆች መንገር አይቻልም። ልጆች ገና መጀመሪያው ላይ «እንዴ! ራሱ ነው እኮ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ታሪኩም እዚያው ላይ ያልቅብኛል። ስለዚህ የምነግረው ለእናንተ ለአዋቂዎቹ ነው። እናንተ እያወቃችሁ ዝም ብላችሁ መቀመጥ ትችሉበታላችሁ።

በአንድ ሰፊ ደን ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በበሩ ላይ «የደኑ ሕዝብ ንብረት» ተብሎ ተጽፏል። ማንበብ የሚያስተምሩት ግን ከበሩ ወዲያ ስለሆነ፣ ከውጭ ያለው ሕዝብ ንብረት እንዳለው አያውቅም። በዩኒቨርሲቲው ማግሳት፣ ማድባትና ነፋስ ማሽተት ይሰጣል። የግጦሽ ትምህርት ክፍልም አለ፤ ኃላፊው ነብር ነው። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ለምን እንደሚቀንሱ ጥናት እየተደረገ ነው ይባላል።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አያ አንበሶ ናቸው። ቢሯቸው ጉብታው ላይ ካለው ዋሻ ውስጥ ነው። ወንበራቸው መሐሉ የተሰነጠቀ አሮጌ የዝግባ ጉቶ ሲሆን፣ ማኅተማቸው ደግሞ የቀኝ መዳፋቸው ነው። ቀይ ካባቸውን ለብሰው ሲናገሩ የተናገሩት ሁሉ ውሳኔ ይሆናል፤ ካባውን ሲያወልቁ ግን እንደማንኛችንም አንድ እንስሳ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። አንዴ «እሳቸው» አንዴ «እሱ» ብል የእኔ ብልግና አይደለም፣ የካባው ጉዳይ ነው።

ሥራውን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። አህያዋ እትዬ ዳለቻ ከወንዝ ውሃ ትቀዳለች፤ ከርከሮው ግቢውን ይቆፍራል፤ በጎቹ ሣሩን እየጋጡ ያስተካክላሉ፤ አያ ጅቦ መጋዘን ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ የሠራተኞች ማኅበር አባላት ናቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኤሊው ጋሽ ድንጋዬ ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ ስለሚበልጥና ጀርባው ስለማይጎዳ ተመረጠ። ጸሐፊዋ ጃርቷ እትዬ ወስፊት ናት። መጻፊያዋ የገዛ እሾኋ ነው። የማኅበሩ ደንብ «ለአንድ ንግግር አንድ አዲስ እሾህ» ስለሚል፣ አንድ ሰው ተነሥቶ በተናገረ ቁጥር ከጀርባዋ አንድ ትነቅላለች። በደጉ ዘመን ስብሰባው በዓመት ሁለቴ ስለነበር የተነቀለው ይበቅል ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጉዳዩ ድርቆሽ ነው።

ሠራተኞቹ በየጥቅምቱ ሣር ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ መጋዘን ያስገባሉ። ታኅሣሥ ሲገባ ምድሩ ይደርቅና ያው ድርቆሽ በጀት ተብሎ ለእነሱው ይከፈላል። በዚያ ዓመት ግን ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥርም ተጋመሰ፣ መጋዘኑ አልተከፈተም። አያ ጅቦ ሲጠየቅ «በጀቱ ታግዷል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጡ» አለ። አባቱም አያቱም ሣር በልተው አያውቁም፤ ቢሆንም ያን በር የሚጠብቀው እንደ ዓይኑ ብሌን ነው። ዳለቻ በመስኮት አጮልቃ አየች። ድርቆሹ ሞልቷል። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ነገር የተኛበት የሚመስል ጎድጓዳ ቦታ ነበረ።

ዳለቻ እርጉዝ ናት። መጋቢት ላይ ትወልዳለች። ካቻምና በእንዲህ ያለ ደረቅ ወቅት የወለደችው ውርንጭላ ከጡቷ የሚወጣ ነገር አጥቶ በአራተኛው ቀን ሞቶባታል። በአምስተኛው ቀን ውሃ ቀዳች፤ ፈቃድ አልነበራትማ። እንግዲህ ለሌላው ድርቆሹ የደመወዝ ጥያቄ ነበር። ለእሷ የልጅ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጋሽ ድንጋዬ ራሱ ይዞ ወጣ። ጉብታው ላይ ለመድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ሲደርስ፣ ከዐሥር ቀን በላይ የቆየ ደብዳቤ አይስተናገድም ተባለ። ተመለሰና ከሾላው ሥር ለተሰበሰቡት አባላት ሪፖርት አቀረበ።

«ውድ አባላት፣ ጥያቄያችን እስከ በሩ ድረስ ደርሷል። ይህ ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ እድገት ነው። አምና መንገድ ላይ ነው የቀረነው። ጉዳያችሁ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው።»

በጎቹ አጨበጨቡ። በጎች በሰኮና ሲያጨበጭቡ ደስ ይላል፤ ምን እንደተባለ ያስረሳል።

በዚህ መሐል ከኋላ «እኔም የምናገረው አለኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞር ሲሉ አንበሳው ቆሟል። ካባ አልለበሰም። ከርከሮው ሾላው ላይ ለመውጣት ሞክሮ ወደቀ።

«አትደንግጡ» አለ አንበሳው። «የመጣሁት እንደ ሠራተኛ ነው። እኔስ ማን ነኝ? ጠዋት ገብቼ ማታ የምወጣ ተቀጣሪ አይደለሁም? ወገቤን አያመኝም? አስተዳደሩ እኔንስ መቼ ጠየቀኝ? አባል መሆን እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ድንጋዬ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ማሰቡ ነው። ቆይቶ አወጣውና ደንቡን ጠቀሰ። ደንቡ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ ሁሉ አባል መሆን ይችላል ይላል። አንበሳ አይችልም የሚል የለም። ደንቡን ሲጽፉ እንዲህ ያለ ነገር ማን አሰበ? ብቻ አንድ አንቀጽ ነበረች፣ ሰባተኛዋ፦ «ማንኛውም አባል ስብሰባ ሳይዘጋ ሌላ አባል መብላት አይችልም።» ጥንት በአያ ጅቦ ምክንያት የገባች ናት። አንበሳው ይህችን ሁለት ጊዜ አስነበበና መዳፉን አትሞ ፈረመ።

«ከእንግዲህ ወንድም አንበሶ በሉኝ» አለ። ከዚያም ስለ ሠራተኛው መከራ እያለቀሰ ዘጠኝ ንግግር አደረገ። ወስፊት ዘጠኝ እሾህ ነቀለች።

እንደ ወንድም አንበሶ ያለ ታጋይ በማኅበሩ ውስጥ አልተገኘም። ስብሰባ በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲሆን ያደረገው እሱ ነው። «በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!» ይላል፤ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና «ይህም ይያዝልኝ!» ይላል። ወደ አስተዳደሩ ሰልፍ እንውጣ ያለውም እሱ ነው፤ ከፊት ሆኖ መራ። ቢሮው ሲደረስ ባዶ ነበር።

«አያችሁ ንቀቱን!» አለ አንበሳው፣ ባዶውን ወንበር እያመለከተ። «ይህን ያህል ሠራተኛ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሰውዬው ቦታው ላይ የለም!»

ሁሉም በጣም ተናደደ። ከርከሮው ብቻ «ታዲያ የት ሄዶ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንበሳው ትከሻውን ነቀነቀ። ከርከሮውም ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ስለተያዘለት ረካ።

ቀጥሎ ደብዳቤውን በተወካይ ማስገባት ይሻላል ተባለ። ማን ይወከል? በጎቹ ተመካክረው ተነሡ። «ፕሬዚዳንቱን በቅርብ የሚያውቅ ይሁን» አሉ። ምክንያታዊ ነው። ለፕሬዚዳንቱ ከወንድም አንበሶ የበለጠ የሚቀርብ በደኑ ውስጥ ማን አለ? በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ዳለቻ ድምፅ የሰጠችው ግራ እግሯን አንሥታ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። በኋላ ስትናገር «ሁሉም ሲያነሣ እግሬ ብቻውን መሬት ላይ መቅረቱን ፈራሁለት» ብላለች።

ወንድም አንበሶ ደብዳቤውን ይዞ ገባ። አባላቱ ከውጭ ሆነው ያዳምጣሉ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ሠራተኛው ተርቧል» ይላል አንድ ድምፅ፣ እየተለማመጠ።

«ተቀመጥ» ይላል ያው ድምፅ፣ እየጎረነነ። «ተርቧል ስትል በጥናት ተረጋግጧል?»

«ክቡርነትዎ፣ ነፍሰ ጡርም አለች።»

«ሁሉም ይወልዳል። አይቻልም። ውጣ!»

ወንድም አንበሶ እንባው ጎፈሩ ላይ እየወረደ ወጣ። «ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እሱ ድንጋይ ነው» አለ። በጎቹ ከበው አጽናኑት። አንዷ ጠቦት ልታቅፈው ፈልጋ እናቷ ጎትታ መለሰቻት። የዚያ ቀን ሪፖርት «ውይይቱ ግልጽና ወንድማዊ ነበር፤ ጉዳያችሁ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» ይላል።

ይህ አምስት ጊዜ ተደገመ። አምስት ደብዳቤ፣ አምስት «አይቻልም»፣ አምስት ለቅሶ። እኔ ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። እዚያ ብትሆኑ ግን አምስተኛው ላይ እናንተም መሐረብ ታቀብሉት ነበር።

የካቲት አለቀ። የዳለቻ ጎድን ከሩቅ ይቆጠራል። አንድ ቀን ጠዋት ወንዝ ዳር እንስራዎቿን እየሞላች ሳለ ወስፊት መጣች። ዳለቻ አየቻትና ደነገጠች።

«ወስፊት እህቴ፣ ምነው ጀርባሽ?»

«ምን አለ?»

«የለም እኮ ነው የምልሽ!»

ወስፊት ዞር ብላ ውሃው ውስጥ ራሷን አየች። እሾህ ሁሉ አልቆ ቆዳዋ ተላጭቷል። ከጅራቷ በላይ አንዲት ብቻ፣ ረጅም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ቀርታለች።

«ትናንት አያ ጅቦ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ አምሮብሻል አለኝ» አለች ወስፊት። «ወጣት ሳለሁ እንኳ ብሎኝ አያውቅም። ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። ዳለቻ፣ ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ አለ። ወንድም አንበሶ አንድ ንግግር ካደረገ ይህችም ትሄዳለች። ከዚያ ስብሰባው ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ይገባሻል።»

ዳለቻ ሆዷ ውስጥ ያለው ተራገጠ። እስኪያቆም ጠበቀች።

«ሳንነጋገር የቀረነው አንድ ነገር አለ» አለች። «እኔ በየቀኑ ውሃ ይዤ ቢሮው እገባለሁ። እዚያ ስገባ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አያለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። ጋሽ ድንጋዬም ያውቃል።»

«ሁሉም ያውቃል» አለች ወስፊት። «ግን በምን አንቀጽ እንደሚነሣ ማንም አያውቅም።»

«ያቺን እሾህ ስጪኝ።»

ልትሰጥ የነበረው የቀራትን ሁሉ ነው። ከዚያ ዞረችና «አንቺው ንቀያት» አለች።

ዳለቻ እንደ ወትሮዋ ውሃውን ይዛ ጉብታው ላይ ወጣች፣ ማድጋውን ሞላች፣ ስትወጣ በዝግባው ጉቶ ስንጥቅ ውስጥ እሾኋን ጫፏን ወደ ላይ አድርጋ ሰካቻት። ከዚያም ከሰዓት ስብሰባው ዋሻው በር ላይ ሲከፈት ከአባላቱ ጋር ተሰለፈች።

ወንድም አንበሶ ስድስተኛውን ደብዳቤ ይዞ ገባ። ሁሉም ያን የለመዱትን ነገር ይጠብቃሉ፤ አንዳንድ በጎች ከአሁኑ እንባ ጀምረዋል።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ሠራተኛው አሁንም ተርቧል» አለ የሚለማመጠው ድምፅ። ካባ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ» አለ የሚጎረንነው።

ከዚያ በኋላ የተሰማው ከሁለቱ ድምፆች አንዱም አልነበረም። ዛፍ ላይ ያሉ ወፎች በሙሉ ተነሡ። አንበሳው እየዘለለ ከዋሻው ወጣ፤ ካባው በቀኝ ክንዱ ብቻ ገብቶ ግማሹ መሬት ይጎተታል። ከኋላው፣ ከጅራቱ ሥር፣ ረጅም ጥቁርና ነጭ እሾህ ቆማለች።

«አያችሁ!» ብሎ ጮኸ። «አስተዳደሩ ምን እንዳደረገኝ አያችሁ! ለእናንተ ስል ተወጋሁ!»

በጎቹ አለቀሱ። ጋሽ ድንጋዬ ድርጊቱን የሚያወግዝ መግለጫ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። አንዱ አውራ በግ ለወንድም አንበሶ ሜዳሊያ ይሰጠው አለ። ከርከሮው ግን እሾኋን ደጋግሞ አየና «ይህች የእኛ እሾህ አይደለችም እንዴ?» አለ።

«ይህ ግፍ በቃለ ጉባኤ ይያዝ!» አለ አንበሳው፣ ከርከሮውን ቶሎ ለማስቆም።

ሁሉም ወደ ወስፊት ዞረ። ወስፊት በተላጨ ጀርባዋ ወደ መሐል ወጣች።

«መጻፊያ የለኝም። የቀረችኝ አንዲት ነበረች። ዛሬ ጠዋት የፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ ነበረች። አሁን እርስዎ ላይ ናት።»

የሚታወቅ ነገር በአደባባይ ሲባል፣ ካልታወቀ ነገር ይበልጥ ያስደነግጣል። በጎቹ ማልቀስ ይቀጥሉ ወይስ ያቁሙ ግራ ገባቸው። አንበሳው ዓይኑን አዞረ፤ ጥፍሩን አወጣ፤ ሰባተኛዋ አንቀጽ ትዝ አለችውና መልሶ አስገባ። ስብሰባው አልተዘጋም። ሁሉም እያየው ነው። ደግሞ ሊዘል ሲል እሾኋ ጠለቅ ትላለች።

«ንቀሉልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዳለቻ ብቻ ወጥታ ከኋላው ቆመችና እሾኋን በጥርሷ ያዘች። ነክሳ ስለያዘች ንግግሯ ትንሽ ይኮላተፋል።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ወይም ወንድም አንበሶ፤ የቱ እንደሆኑ እርስዎ ያውቃሉ። ደብዳቤው እግርዎ ሥር ወድቋል። ለማኅተም መጻፊያ አያስፈልግም፣ መዳፍዎ አለ። እኔ እሾኋን በጥርሴ ይዣታለሁ፤ ትንሽ ካዞርኳት ውስጥ ትሰበራለች። መጋቢት ገብቷል። አንዱን ልጄን ቀብሬያለሁ፣ ይህን አልቀብርም።»

አንበሳው መዳፉን አነሣ። በዚህ ጊዜ አያ ጅቦ «ሥርዓት ይኑር!» ብሎ ጮኸ። «ማኅተም የሚጸናው በካባ ነው። ካባው ደግሞ ግማሽ ነው የተለበሰው።»

ልታምኑኝም ላታምኑኝም ትችላላችሁ፤ በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አህያ የአንበሳ መቀመጫ ላይ የተሰካ እሾህ ነክሳ ቆማ፣ ማኅበሩ የትኛው ግማሽ ፕሬዚዳንት እንደሆነ ለአንድ ሰዓት ተከራከረ። በመጨረሻ ከርከሮው «የለበሰው ክንድ ቀኙ ነው፣ ማኅተሙም ቀኙ ነው፤ ስለዚህ ግራው የእኛ አባል ነው፣ ቀኙ ግን ሙሉ ሥልጣን አለው» አለ። ከዚያ የተሻለ ንግግር በሕይወቱ አላደረገም። አንበሳው በቀኙ አተመ። አያ ጅቦ ወረቀቱን አሸተተ፣ ማኅተሙን ላሰ፣ መጋዘኑን ከፈተ።

ዳለቻም እሾኋን ለቀቀች።

«አልነቀልሽልኝም እኮ!» አለ አንበሳው።

«እኔ ውሃ ቀጂ ነኝ» አለች ዳለቻ። «እሾህ መንቀል የሥራ ድርሻዬ አይደለም። ለጉባኤው ያመልክቱ።»

አመለከተ። ጉባኤው ጉዳዩን በደስታ ተቀብሎ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለሁሉም ተገለጠለት፦ ስብሰባው የተዘጋ ዕለት አንቀጽ ሰባት አይሠራም። ስለዚህ ስብሰባው አልተዘጋም። እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አባላቱ ድርቆሹን የሚበሉት ስብሰባ ላይ ነው፤ የሚተኙትም በየተራ፣ ስብሰባ ላይ። ዳለቻ መጋቢት አሥራ ሦስት ቀን፣ «ልዩ ልዩ» የሚለው አጀንዳ ላይ ሳሉ ወለደች። ውርንጭላው ቆሞ ጠባ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ዝም ብለው ዋሉ፤ ማንም ንግግር አላደረገም። በአምስተኛው ቀን ውርንጭላው ጋሽ ድንጋዬን ረግጦት አለፈ፤ ያን ጊዜ ዳለቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች።

አንበሳው እንደቆመ ነው፤ መቀመጥ አይችልም። በየማለዳው ስለ እሾኋ ይጠይቃል። በየማለዳውም መልስ ይሰጠዋል።

አንድ ቀን ዳለቻ ከውርንጭላዋ ጎን ተኝታ ሳለ በእንቅልፍ ልቧ አንድ ድምፅ ሰማች። «ጉዳይዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። ውይይቱ ግልጽና ወንድማዊ ነበር። በጥናት ይረጋገጣል» ይላል፣ እየጎረነነ። ጆሮዋ ቆመ፤ እግሯ ከእሷ ቀድሞ ለመሮጥ ተነሣ። ዓይኗን ገለጠች። አንበሳው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ የተናገረው እሱ አይደለም። ጋሽ ድንጋዬ ነው። ከሩቅ እንዲታይ ብሎ የዝግባውን ጉቶ ከዋሻው አስወጥቶ ላዩ ላይ ወጥቷል። ፀሐይ እንዳይመታው ቀዩን ካባ ጀርባው ላይ ጣል አድርጓል። በጎቹ ያጨበጭባሉ።

ዳለቻ ወደ ወስፊት ዞረች። የጃርቷ ጀርባ ላይ አዲስ እሾህ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

«ስንት በቀለልሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሁለት ጠንክረዋል» አለች ወስፊት። «አንዷን ለቃለ ጉባኤ አስቀምጫለሁ።»

«ሁለተኛዋንስ?»

ወስፊት ጉቶውን እያየች ነበር። ስንጥቁ እንዳለ ነው።